እናቴ ለሐኪሟ የነገረቻት

ወሎ ሰፈር የመጋረጃ ሱቅ አለኝ። ጨርቁን እሸጣለሁ፣ ቤት ሄጄ እለካለሁ፣ አሰፍቼም እሰቅላለሁ። የመስቀሉን ሥራ ለሠራተኛ መተው እችላለሁ፤ ግን ራሴ መሰላል ላይ ካልወጣሁ ደስ አይለኝም። ያን ቀንም ቦሌ፣ አንድ አዲስ አፓርታማ ውስጥ፣ የመጋረጃውን ዘንግ ከማንጠልጠያው ላይ ላሳርፍ ስል አመለጠኝና ጫፉ ቀኝ ጡቴን መታኝ። የቤቱ ባለቤት «እኔን!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ምንም አልሆንኩም» ብዬ ሥራዬን ጨርሼ ወረድኩ።

ቤቴ ገብቼ የተመታሁበትን ሳሸው፣ ከሕመሙ ራቅ ብሎ ወደ ብብቴ ጠጋ ያለ፣ ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር ጣቴ ላይ መጣ። አያምም። ስጫነውም አይሸሽም። የዘንጉ ምት ያመጣው እንዳልሆነ በኋላ ሐኪሞቹ ነግረውኛል፤ እሱ ከዚያ በፊት ቦታውን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ዘንጉ ያደረገው እጄን ወደዚያ መላክ ብቻ ነው።

ለባለቤቴ በማግስቱ ነገርኩት። እሱም እዚያው ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ አጠገብ፣ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ነገር ሲከብደው ዝም የሚል ሰው ነው። «እንሂድ» አለና ሱቁን ዘጋ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

አልትራሳውንድ ታየሁ፣ ማሞግራፊ ተነሳሁ፣ በመርፌ ናሙና ወሰዱልኝ። ውጤቱን ልንሰማ የገባን ዕለት ሐኪሟ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ አጠገባችን አምጥታ ተቀመጠች። ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ቃል እየመረጠች በዝግታ የምትናገር ሴት ናት። ወንበሩን ስታነሳ ሳያት ገባኝ።

«ካንሰር ነው» አለች። «ግን ገና ሲጀምር ነው ያገኘነው። ትንሽ ነው፤ ብብትዎ ውስጥም ያበጠ ነገር አላየንም።»

ባለቤቴ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል ማንበብ ጀመረ። ከላይ እስከ ታች አንብቦ ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። እኔ የሐኪሟን አፍ አፍ እያየሁ ነበር። ዕጢውን ብቻ አውጥተው ጡቱን እንደሚያተርፉልኝ፣ ከዚያ የጨረር ሕክምና እንደሚከተል ነገረችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ፤

«በእናትዎም ሆነ በአባትዎ በኩል በጡት ካንሰር የታመመ ሰው አለ? አያት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ?»

«የለም» አልኩ። አላመነታሁም። እውነትም የማውቀው እንደዚያ ነበር። እናቴ አንዲት ታላቅ እህት ነበረቻት፤ እኔ ተማሪ ሳለሁ ሞታለች። እሷም ብትሆን በሳንባ ነው የሞተችው፤ ስትነሳ ሁሌ የሚባለው እንደዚያ ነው።

ሐኪሟ ጻፈችው። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዘን ወጣን።

የምንኖረው ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ የያዘች ልጃችን፣ እኔና እናቴ። እናቴን አባቴ ከሞተ በኋላ ከደሴ ወዲያ ካለችው ከተማችን ነው ያመጣኋት፤ ደረጃው ስለሚያደክማት እምብዛም አትወርድም። ልጄ ስትሰማ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጣችና «ለእማማ አንነግራትም» አለች። ተስማማን። ትንሽ ቀዶ ሕክምና ናት፣ ሱቁ ውስጥ ወድቄ እጄን ነው እንላለን ተባባልን።

እናቴ ግን ሁሉንም ታያለች። የውሃ ጀሪካን ለማንሳት ጎንበስ ስል ልጄ ቀድማኝ ስትነጥቀኝ ታያለች። ባለቤቴ የበላበትን ሳህን ሲያጥብ ታያለች። አንድ ከሰዓት፣ ሁለታችን ብቻ ሳለን፣ የአስር ሶላቷን ሰግዳ ስትጨርስ ከመስገጃዋ ሳትነሳ ጠራችኝ።

«በዚህ ቤት ሰው ሁሉ ደግ ሆነ» አለች። «ሰው እንዲህ የሚዋደደው ሞት ሲፈራ ነው። ጡትሽ ነው አይደል?»

እጄን ከደረቴ አወረድኩ።

«ደብቄያለሁ ትያለሽ፤ እጅሽ ግን አላስችል ብሎት እዚያው ነው የሚሄደው። የእሷም እንደዚያ ነበር።»

«የማን?»

«የእህቴ።»

አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። አክስቴን አስታውሳታለሁ። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍን ነበር፤ ቤታቸው ስሄድ ቆሎ በኪሴ ትሞላልኝ ነበር።

«እማ፣ እሷ እኮ ሳንባዋን ነው የታመመችው።»

«ሳንባዋማ ደህና ነበር» አለች እናቴ። «ጡቷ ነው። መጀመሪያ እንደ ፍሬ ነበር፤ ከዚያ አደገ። ሳይፈነዳ ለማንም አልተናገረችም፤ ሲፈነዳ ደግሞ ለእኔ ብቻ ነው ያሳየችኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት ‹ወንድ ሐኪም ፊት ደረቴን አልከፍትም› አለች። በሽታውን የፈራችው ለራሷ አልነበረም። ‹ሰው ከሰማ ሴት ልጆቼን ማን ያገባልኛል? የዚያ ዘር ናቸው ይባላሉ። ማይልኝ፣ ለማንም አትነግሪም› አለችኝ። ማልኩላት።»

ቀና ብላ አላየችኝም፤ የመስገጃውን ጠርዝ በጣቶቿ እያስተካከለች ነው የምታወራው።

«ስትሞት እኔ ነኝ ያጠብኳት። ውሃ የምታቀብለኝን ሴት እንኳ ከመጋረጃው ወዲያ አቁሜ ብቻዬን አጠብኳት፤ ገላዋን ሌላ ዓይን እንዳያየው። ጀናዛ ያጠበ ሰው ያየውን አይናገርም። የሞተን ሰው ገመና መክፈት ወንጀል ነው። እናታችንም በዚሁ ነው የሄደችው፤ እኔ ያኔ ትንሽ ስለነበርኩ ሽታው ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ይህን ሁሉ ይዤ መቃብር እገባለሁ ብዬ ነበር።»

በመጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ሐኪሟ ፊት «የለም» ያልኩት ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ።

«ይህን ሁሉ ዓመት! እኔ እኮ ልጅሽ ነኝ። ብትነግሪኝ እኮ በየጊዜው እታይ ነበር!»

«አውቃለሁ። ተናደጂ፤ ብትናደጂ አልፈርድብሽም።» ከዚያ እጄን ያዘች። «እሷ ሞታለች። አንቺ ሕያው ነሽ። ወደ ሐኪሟ ውሰጂኝ።»

«እኔ እነግራታለሁ፣ እማ። ደረጃው...»

«አይሆንም። የማልኩት እኔ ነኝ፤ የማፈርሰውም እኔው ነኝ። ቁጭ ብዬ በራሴ አፍ ነው የምነግራት።»

የሄድን ዕለት ደረጃውን ለመውረድ በየወለሉ አረፍን። ባለቤቴ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ጠበቀን። ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም እናቴ ዱዓዋን ከንፈሯ ላይ እያንቀሳቀሰች ውጭውን ታይ ነበር። ከበዓል ወዲህ ከቤት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሐኪሟ እናቴን ስታይ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻት። እናቴ ለእኔ የነገረችኝን ሁሉ ነገረቻት። የምርኩዟን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ሐኪሟ አላቋረጠቻትም።

«እማማ፣ እህትዎ ያኔ ዕድሜያቸው ስንት ይሆናል?»

«ዓመት የሚቆጥር አልነበረም፣ ልጄ። ግን የመጨረሻ ልጇ ገና ጡት አልጣለችም ነበር።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «በጣም ወጣት ነበሩ ማለት ነው» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። ይህን ለመናገር ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ግን የልጅዎን ሕክምና ይለውጠዋል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ማሞግራፊውን ስክሪኑ ላይ አወጣችው። «ይህን ነጩን ያዩታል? የእርስዎ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጡት በማሞግራፊ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ችግሩ ዕጢም ነጭ ነው።»

«ነጭ ክር ነጭ ጨርቅ ላይ እንደመፈለግ ነው» አልኳት።

«ልክ እንደሱ። እስካሁን ባገኘነው ላይ ተመሥርተን መሥራት እንችል ነበር። አሁን ግን በአያትዎም በአክስትዎም የታየ ነገር ካለ፣ ስጋቱን በደንብ ሳንመዝን ቢላ ማንሳት አልፈልግም። ሁለቱንም ጡት በኤምአርአይ እንይ። በደም ሥርዎ መድኃኒት እንሰጥዎታለን፤ ዕጢ ደም ስለሚስብ መድኃኒቱን ከሌላው ሥጋ ቀድሞ ይወስድና ጎልቶ ይታያል። የቀኙ ስፋት እስከ የት እንደሆነ፣ ግራው ላይ የተሸሸገ ነገር መኖር አለመኖሩን ያኔ እናውቃለን።» ከስክሪኑ ዞር አለች። «አንድ ነገር ግን ካሁኑ ይወቁ። ኤምአርአይ ካንሰር ያልሆነውንም አጉልቶ ሊያሳይ ይችላል። በከንቱ ሊያስጨንቀን ይችላል።»

«ያልተጨነቀ ማን አለ፣ ልጄ» አለች እናቴ።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ማሽኑ አለ፤ ግን ለጭንቅላትና ለጀርባ እንጂ ለጡት የሚሆነው ዕቃ የለንም ብለው መለሱን። ሁለተኛው ቦታ ዕቃው ነበራቸው፤ ሆኖም በቀጠሮዬ ቀን መብራት ሲሄድ ሲመጣ ማሽኑ ቆሞ ለሌላ ጊዜ ተላለፍኩ። በዚያ መሐል ሱቅ እየገባሁ ጨርቅ እለካ ነበር። ደንበኞች ስለ ቀለም ይጠይቁኛል፤ እኔም ይሄ ከሶፋሽ ጋር ይሄዳል እያልኩ እመልሳለሁ። ሰው በሁለት ልብ መኖር እንደሚችል ያኔ ነው ያየሁት።

ኤምአርአይ የተነሳሁ ቀን እናቴና ልጄ አብረውኝ ሄዱ። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ብረት ነገር ሁሉ አውልቂ አለችኝ፤ የሂጃቤን መርፌዎች፣ የጆሮ ጌጤን፣ ቀለበቴን አውጥቼ ለልጄ ሰጠኋት። ጋውን አልብሳኝ ክንዴ ላይ መርፌ ተከለችልኝ። ከዚያ ወደ ክፍሉ አስገባችኝ።

ኤምአርአይ ሲባል በጀርባ ተኝቶ መግባት ነበር የሚመስለኝ። የጡት ግን በሆድ ነው። አልጋው ላይ ሁለት ክፍት ቦታ አለ፤ ጡቶችሽ እዚያ ውስጥ ይወርዳሉ። ግንባርሽን ለስላሳ ነገር ላይ ታሳርፊያለሽ፣ እጆችሽን ወደ ፊት ትዘረጊያለሽ። ግንባሬን ሳሳርፍ የሶላት ሱጁድ መሰለኝና ሳላስበው ቢስሚላህ አልኩ። ባለሙያዋ የምትጨመቅ ኳስ እጄ ውስጥ አስገባችልኝ።

«ከጨነቀሽ ይህችን ጨብጪያት፣ ወዲያው አወጣሻለሁ። ግን ከተንቀሳቀስሽ ሥዕሉ ይበላሽና እንደገና እንጀምራለን። ብትችዪ እንዳትንቀሳቀሺ፣ እሺ እናቴ?»

ጆሮዬን ሸፈነችልኝና ወጣች። አልጋው ወደ ውስጥ ተሳበ።

ድምፁን የሰማ ያውቀዋል። ገርጂ ውስጥ ሕንፃ በተሠራ ቁጥር ኮንክሪት የሚፈለፍሉበትን መሣሪያ ጆሮዬ ሥር ያስነሱት መሰለኝ። ያ ሲቆም ሌላ ይጀምራል፤ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ያጓራል፣ ፀጥ ይላል። አፍንጫዬን አሳከከኝ። እጄን ወደ አፍንጫዬ እንዳልልክ ስታገል የፊቴ ጡንቻ ሁሉ ደነዘዘ። ከዚያ የባለሙያዋ ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ «አሁን መድኃኒቱን እሰጥሻለሁ፣ ክንድሽ ይቀዘቅዛል።» ቅዝቃዜው በክንዴ ሽቅብ ሲወጣ ተሰማኝ። አሁን ደሜ ያለበትን ሁሉ ሊያሳብቅ ነው ብዬ አሰብኩ። አክስቴንም አሰብኳት። ሕፃን እያጠባች፣ ቁስሏን በነጠላ ጠቅልላ፣ ሰው ሲመጣ የምትስቅ ሴት። እንባዬ መጣ፤ ፊቴ ወደ ታች ስለሆነ ቀጥ ብሎ ወደ ወለሉ ነው የወረደው። ማልቀስ መንቀሳቀስ ይሆን ብዬ ፈርቼ ትንፋሼን ዋጥኩ።

ስወጣ ግንባሬና ጉንጬ ላይ የመደገፊያው ምልክት ተስሎ ነበር። እናቴ በመዳፏ አሻሸችውና «አብሽሪ» አለችኝ።

ውጤቱን ሐኪሟ ደውላ ነው «ኑ» ያለችን። የቀኙ እንዳሰቡት ነው፣ አልሰፋም። ግራው ላይ ግን፣ ማሞግራፊው ምንም ያላሳየበት ቦታ፣ ትንሽ ነገር አብርቷል። እሷም አልደበቀችም፤ «ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሳላይ ግን አልተወውም» አለች። የት እንዳለ ካወቁ በኋላ በአልትራሳውንድ ፈልገው አገኙትና በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ያን ውጤት የጠበቅንባቸው ቀናት ከሁሉም ከበዱኝ። በቀኙ ጊዜ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ምን እንደምጠብቅ አውቃለሁ።

ካንሰር ሆነ። ገና ከወተት ቱቦው ግድግዳ ያልወጣ፣ ሐኪሟ «የካንሰር ሕፃን» ያለችው ዓይነት።

«ያኔ በያዝነው ቀጠሮ ብንሠራዎት ኖሮ» አለች፣ «ቀኙን አክመን እንኳን ደስ ያለዎት ብለን እንሸኝዎት ነበር። ይህ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብሎ ያድግ ነበር።» ከዚያ ምርጫዎቹን አስረዳችኝ። ከሁለቱም ዕጢውን ብቻ ማውጣትና በየጊዜው መከታተል ይቻላል። ከቤተሰቤ ታሪክ አንጻር ግን ሁለቱንም ጡት ማንሳት ስጋቱን በጣም ይቀንሰዋል። «ዛሬ አይወስኑ» አለችኝ።

ስንመለስ ኢምፔሪያል ጋ መኪናው ተሰልፎ ቆመ። ባለቤቴ ሞተሩን አጠፋ። እስከዚያች ቀን ድረስ የበሽታውን ስም ጠርቶት አያውቅም፤ «ያ ነገር» ነበር የሚለው።

«ካንሰር» አለ፣ መሪውን እያየ። «ካንሰር ነው ያለብሽ። ያውጡት። ሁለቱንም ያውጡት።»

«የአንተ ነው እንዴ የምትሰጠው?» ብዬ ጮህኩበት። ለምን እንደዚያ እንደተቆጣሁ ዛሬም በደንብ አላውቅም። «እንደ አሮጌ ዕቃ ያውጡት? ሴት ሆኜ የኖርኩበት እኮ ነው! ልጅህን ያሳደግኩበት ነው!»

ከኋላ ጥሩምባ ተነፋብን፤ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። መኪናውን ዳር አውጥቶ አቆመው። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። እናቱ ስትሞት እንኳ ድንኳን ውስጥ ቀጥ ብሎ ነበር የተቀመጠው።

«እኔ መናገር አልችልበትም» አለ። «እንዲህ ልልሽ አልነበረም። ያለ እነሱ ከእኔ ጋር አርጂ ልልሽ ነው። ያለ አንቺ ማርጀት አልችልም ልልሽ ነው።»

ትከሻው ላይ ራሴን ጣልኩ። ብዙ ቆየን። ሎሚ የምትሸጥ ሴት መስኮቱን ልታንኳኳ ቀርባ አየችንና እጇን ሰብስባ አለፈች።

ሁለቱንም አስነሳሁ። የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልገፋኝም። ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ የምለው የለኝም። ስነቃ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስል ነበር፤ ከጎኔ ቱቦዎች ወጥተው ደም የሚጠራቀምባቸው ጠርሙሶች ተንጠልጥለዋል። ልጄ ጠርሙሶቹን ባዶ ማድረግ ከነርሷ ተምራ ቤት ስመለስ እሷ ትሠራው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ፊቷን አዙራ፣ በኋላ ስለ ሥራዋ እያወራችኝ። እኔ መስታወት ፊት ለመቆም ብዙ ቆየሁ። የቆምኩ ቀን ጠባሳዎቹ ቀጥ ያሉ፣ በጥሩ እጅ የተሰፉ ነበሩ። አለቀስኩ። ከዚያ በላዩ ልብሴን ለብሼ ወጣሁ።

ደሜ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ተመርምሮ በሽታው በዘር የሚወረስ መሆኑም ተረጋገጠ። ያኔ ሐኪሟ ለእናቴ አንድ ጥያቄ አቀረበችላት። «እማማ፣ የእህትዎ ሴቶች ልጆች አሉ አይደል? እነሱም ማወቅ አለባቸው።»

እናቴ ለዚያ ዝግጁ አልነበረችም። ለእኔ ብላ መሐላዋን አፍርሳለች፤ አሁን ደግሞ መሐላው ለተማለላቸው ልጆች ራሳቸው ሊነገር ነው። የሰፈራችንን ሽማግሌ ሼኽ አስጠየቀች። ሕያው ነፍስ ለማትረፍ ከሆነ ገመና መክፈት አይደለም ብለው መለሱላት። እንዲያም ሆኖ ስልኩን አንስታ መልሳ ታስቀምጠዋለች። በመጨረሻ አንድ ጁምዓ ከሰዓት «ደውዪልኝ» አለች። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

የአክስቴ ታላቅ ልጅ የምትኖረው ደሴ ነው። እናቴ ነግራት ሳትጨርስ እሷ ተቆጣች።

«እናቴ በሳንባ ነው የሞተችው!»

«አይደለም፣ ልጄ። እኔ ነኝ ያጠብኳት።»

«ይህን ሁሉ ዘመን በሳንባ ስትይ ኖረሽ አሁን ምን ልትዪኝ ነው? እኔ ሴት ልጆች አሉኝ፣ አክስቴ። ለአንዷ ሽማግሌ ተልኮላታል። ይህን ወሬ ለማን ልታወሪው ነው?» ስልኩ ተዘጋ።

እናቴ ስልኩን እያየች «እናቷን ነው የሰማኋት» አለች። «ቃል በቃል።»

ታናሺቱ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት። እሷ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«አክስቴ» አለች፣ «ያኔ ስትጠባ የነበረችው እኔ ነኝ አይደል?»

«አንቺ ነበርሽ።»

«ትንሽ ሆኜ ጎረቤቶች ‹ይህች ልጅ መጥባት አልጠግብ ብላ እናቷን አድርቃ ገደለቻት› ይሉ ነበር። እየሳቁ ነበር የሚሉት። እኔ ግን ይዤው ነው ያደግኩት። ልጆቼን ሳጠባ ሁሉ...» አልጨረሰችውም። «እኔ አልነበርኩም ማለት ነው?»

እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊቷ አቀረበችው። «አንቺ አልነበርሽም። ወላሂ አንቺ አልነበርሽም። አንቺን እያጠባች ነበር የምትስቀው።»

እኔና ልጄ ክፍሉን ለቅቀን ወጣን። ከውጭ ሆነን ሁለቱ ሲያለቅሱ ሰማን።

ታናሺቱ ወደ አዲስ አበባ መጥታ እኛ ዘንድ ሰነበተች። የደም ምርመራዋ እንደ እኔው ሆነ፤ የኤምአርአይ ውጤቷ ግን ንጹሕ ነው። አሁን በየዓመቱ ትመጣለች፣ ሐኪሟ ታያታለች፣ ትመለሳለች። እህቷ እስካሁን አልደወለችም። እናቴ ለበዓል በድምፅ መልእክት ትልክላታለች፤ ሰምታዋለች የሚለው ምልክት ይመጣል፣ መልስ ግን የለም። የታጨችው ልጇ ማግባቷን ከሌላ ሰው ነው የሰማነው። መልእክት መላኩን አላቆምንም።

ልጄ የራሷን ምርመራ እኔ ሳልጎተጉታት ነው የጠየቀችው። ከእኔ ወርሳለች። ያን የሰማሁ ቀን ከራሴ በሽታ የበለጠ ነው የታመምኩት። እሷ ግን ሐኪሟን «እሺ፣ ከምን እንጀምር?» ብላ ጠየቀቻት። ባለፈው ሰሞን የመጀመሪያዋን ኤምአርአይ ተነሳች። የጆሮ ጌጧን፣ ሰዓቷንና የፀጉር ማስያዣዋን አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝና ገባች። በሩ ወፍራም ስለሆነ ከውጭ ብዙም አይሰማም። ድምፁ ግን የት የት ላይ እንደሚለዋወጥ ስለማውቅ፣ አሁን መድኃኒቱ ክንዷ ላይ ደርሷል፣ አሁን አፍንጫዋን አሳክኳታል እያልኩ ተቀመጥኩ።

ወጣች። ፀጉሯ ተንጨባሯል፣ ግንባሯ ላይ ቀይ መስመር አለ።

«እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ከባድ ነው» አለች ጌጧን ከእጄ እየወሰደች። «ርቦኛል። የሆነ ቦታ እንብላ።»

ወርደን መንገዱን ተሻገርንና ፊት ለፊት ያገኘነው ምግብ ቤት ገባን። ውጤቱ ከሳምንት በኋላ ደረሰ፤ ደህና ናት።